ያጠፍኩት ገጽ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የነፍስ አባቴ በየጾሙ ሲጠይቁኝ ትዕቢቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ቆጥሬላቸዋለሁ፤ ይህን ግን ዘልዬዋለሁ። የበደሌን ግማሽ መካኒሳ ያለ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ አውቆም ይቅር ብሎኛል። የማያውቀው ሌላውን ግማሽ ነው፤ ክፉውም እሱ ነው። አሁን የምጽፈው እሱን ነው። እንደ ነፍስ አባት ሆናችሁ አንብቡኝ፤ ቸኩላችሁ ግን አትፍቱኝ።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ማን እንደሆንኩ ካላወቃችሁ ጥፋቴ ትንሽ ይመስላችኋል። ጌታሁን እባላለሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ መነጽር የማደርገው ለማንበብ ብቻ ነው። መካኒሳ ውስጥ አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ከፍቼ ኖሬያለሁ። አስተማሪዬ ራሴ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል በኋላ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ግን እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ፊልም ማጠብን የኬሚካሉ ጠርሙስ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት፣ ኮምፒውተርን ደግሞ እያበላሸሁና እየጠገንኩ ተምሬያለሁ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ማመልከቻ ሲያጽፉ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። በእድራችን ስብሰባ አንድ ነገር ሲያከራክር "እስቲ ጋሽ ጌታሁን ይጠየቅ" ይባላል። እኔም ተነስቼ "አውቃለሁ" እላለሁ። የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ ቢል ምን ነውር አለው? ያኔ እንዲህ ነበር የማስበው። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ግማሽ ልቤ እንዲህ ያስባል።

ከማውቀው ሁሉ አብልጬ የማውቀው ብርን ነው። ብር ስል የሚመነዘረውን አይደለም፤ መስቀልና ጉትቻ የሚሠራበትን ማዕድን ነው። የድሮ ፎቶ የሚሠራው በብር ነበር። ብር ከጨው ዘር ጋር ይዋሃድና ወረቀት ላይ ይቀባል፤ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ይጠቁራል፣ ያላረፈበት ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ሙሽራውም ሟቹም ወረቀት ላይ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ኬሚካሉ የነካው ጣቴ ፀሐይ ላይ ስወጣ ይጠቁር ነበር፤ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በበረኪና ብትፈትገውም አይለቅላትም ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ስልክ ሁሉ ካሜራ ሲሆን ፎቶ ቤቴ ጉርድ ፎቶ ብቻ የሚነሱበት ሆነ። ቀኑ ረዘመብኝ። እኔ ደግሞ እጅ አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለሁምና በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። ናኖ የሚባለውን ነገር ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። አንዲት የጸጉር ዘለላ በቁመቷ ብዙ ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ ከሚገኘው ስንጣቂ የማይበልጥ ብናኝ ማለት ነው። ወርቅም ብርም እስከዚያ ድረስ ሲያንስ ጠባዩ ይለወጣል፤ ቀለሙ እንኳን ይለወጣል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ትልቁ የማያልፈውን ግድግዳ ያልፋል። ሐኪሞች መድኃኒት አሸክመውት እስከ እጢው ድረስ ሊልኩት እየሞከሩ እንደሆነ አነበብኩ። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ በጨለማ ክፍል ውስጥ ስሠራበት የኖርኩት የብር ብናኝ ለካ እንዲህ ያለ ክብር ነበረው።

ከዚያ ወዲያ እድር ቤት በተቀመጥን ቁጥር ወሬዬ ናኖ ሆነ። ጎረቤቶቼ "ፕሮፌሰር" ይሉኝ ጀመር። እነሱ እየቀለዱ ነበር፤ እኔ ግን ስሙን ተቀበልኩት።

ከዕለታት አንድ ቀን የብር ውሃ ስለሚባል ነገር አነበብኩ። ሁለት የብር ቁራጭ ንጹህ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ በባትሪ ኤሌክትሪክ ይላክበታል፣ ከብሩ የማይታይ ብናኝ እየተላቀቀ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሻጮቹን ብትሰሟቸው የማያድነው በሽታ የለም። ሠራሁት። ከእናቴ የወረስኳቸውን ሁለት ጠገራ ብሮች በሽቦ አንጠለጠልኩ፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ቀዳሁ፤ ሦስት ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ድንጋይ አያያዝኩ። ኤሌክትሪኩ አልሄድ ሲለኝ ቁንጥር ጨው ጨመርኩበት። ውሃው ጉም መሰለ። ልጆች የሚጫወቱባትን ቀይ ሌዘር ሳበራበት የጨረሩ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ብናኝ በሌለበት ውሃ ውስጥ ይህ አይታይም። በዚያ ጠዋት እድር ቤት ወስጄ አሳይቼ ያድናል፣ አውቃለሁ ስላቸው እድርተኛው አፉን ያዘ። አንዱ ሽማግሌ "ይኼ ሰውዬ የተወለደበት አገር ስሕተት ነው" አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ወደ ገጹ ልምጣ።

እኔ በአንድ ጽሑፍ ብቻ አላምንም፤ ይህ ኩራቴ ነው። በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሀይሌ ጋርመንት ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ የሐኪሞች የሆነ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በወረቀት አስወጣሁ። ብዙው ብር ቁስል ላይ ሲደረግ ጀርም እንደሚገድል የሚናገር ነው። ሰባተኛው ገጽ ግን ሌላ ነገር ይዟል። መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ ዘርግቼ ቃል በቃል አነበብኩት። የተጠጣ ብር በጨጓራ አሲድ ይሟሟል፤ በአንጀት አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከፊሉን ጉበት ይይዘዋል፣ ከፊሉም በሐሞት በኩል ይወጣል፤ የቀረው ሄዶ ከቆዳ ሥር ይተኛል። እዚያ ሳለ ብርሃን ሲደርስበት እንደገና የብር ብናኝ ሆኖ ይረጋል። ሰውየው እንደ አመድ ይጠቁራል፤ ቀለሙም አይለቅም። በተለይ፣ ይላል ገጹ፣ ጨው አትጨምሩበት።

ይህን አንብቤ ምን አደረግሁ? ገጹን አጠፍኩት። ለሁለት አጠፍኩት፣ ለአራት አጠፍኩት፣ ለስምንት አጠፍኩትና የድሮ የፎቶ ማጉያ ማሽኔ እግር ሥር ወተፍኩት። ማሽኑ ይንገዳገድ ነበር፤ ልክ መጣለት። እኔ ነኝ ያጠፍኩት። ማንም እጄን ይዞ አላሳጠፈኝም። ለምን አጠፍኩት? ስላልገባኝ ነው? ብር ከጨው ጋር ተዋህዶ ብርሃን ሲያይ እንደሚጠቁር አርባ ዓመት እንጀራዬ አልነበረም? በዚህ ከተማ ያን ገጽ እንደ እኔ ሊረዳው የሚችል ሰው ነበር? ያጠፍኩት ጠዋት "አውቃለሁ" ብዬ ማታ "ተሳስቻለሁ" ማለት ስላቃተኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብፈልግም አላገኘሁም።

እኔ ራሴ ውሃውን አንድ ሳምንት ጠጣሁና ተውኩት። አፌን ሳንቲም ሳንቲም አለኝ ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። እናንተ ግን ለምን እንደተውኩት ታውቃላችሁ።

ጫልቱ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናት። አባቷ ጤፍና ሽምብራ ያርሱበት የነበረው የላፍቶ መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ለእሷ የቀሯት ሁለት ላሞችና የወተት ደንበኞቿ ናቸው። በየማለዳው ወተቷን በጄሪካን ይዛ እስከ ለቡ መብራት ኃይል በእግሯ ታደርሳለች፤ ስትመለስ ፀሐዩ ፊት ለፊቷ ነው። ባሏ ወዳጄ ነበር። ሲሞት እጄን ይዞ "ጫልቱን አደራ" ብሎኛል። ማንበብ አትችልምና ከቀበሌም ይምጣ ከሐኪም፣ ወረቀቷን ሁሉ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ሳይነስ ያሠቃያታል፤ ከግንባሯ ሻሽ አይለይም፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጠፍራው ትውላለች። አንድ ቀን ፎቶ ቤት ገባችና፣

"ጋሼ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ውሃህ ለእኔ ራስ አይሆንም?" አለችኝ።

"ይሆናል" አልኳት።

"አንብበኸዋል?"

"አንብቤዋለሁ። አውቃለሁ።"

ሌላ አልጠየቀችም። እኔ ማንበቤ ይበቃት ነበር። በሲኒ ቀዳሁላት፤ እኔ ቀዳሁላት። ሌሎቹ ጎረቤቶች ጥቂት ቀን ሞክረው ሰለቹት። ጫልቱ ግን የጀመረችውን የምትተው ሴት አይደለችም። በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ እየሞላሁ ሁለት ዓመት ተኩል ሰጠኋት። ራሷን ተሻላት፤ ውሃው ይሁን ክረምቱ አልፎ እግዜር ይወቀው። ለምስጋና በየእሑዱ አንድ ሊትር ወተት ታመጣልኝ ነበር። ጠጣሁት። እሷ የእኔን ስትጠጣ እኔ የእሷን ጠጣሁ።

መጀመሪያ የጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ ሆነ። ቀጥሎ ድዷ። ከዚያ ጉንጯና አፍንጫዋ። የወተት ደንበኞቿ "ምነው፣ ከሰል መሸጥ ጀመርሽ እንዴ?" እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። እሷም "የከተማችሁ ጭስ ነው" እያለች ትመልስላቸው ነበር። እኔ አላየሁም አልኩ። ዓይን ሲፈልግ ባለቤቱን ይሸነግላል።

ካሜራ ግን አይሸነግልም። ለጤና መድን ደብተር ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋት ነበርና መጣች። ለፎቶው ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው፤ አነሳኋትና ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ፊቷን አጉልቼ አየሁት። ሻሹ ይሸፍነው የነበረው የግንባሯ ክፍል የድሮ መልኳን እንደያዘ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው እርጥብ አመድ ነው። በመስመር የተከፈለ ይመስላል። ያየሁት ፊት አልነበረም፤ የፎቶ ወረቀት ነበር። ብርሃን ያረፈበት ጠቁሯል፣ ያላረፈበት ቀርቷል። እኔ ቀባኋት፣ ፀሐይ አጠበችልኝ።

ያን ጊዜስ ምን አደረግሁ? ፎቶውን አስተካከልኩት። ሰማያዊውን ቀነስኩ፣ ቀዩን ጨመርኩ፣ ጉንጯን አፈካሁት። በሩብ ሰዓት ውስጥ የዱሮዋ ጫልቱ ሆነች። በዚህ ሥራ የሚወዳደረኝ የለም። አትሜ ስሰጣት ወደ በሩ ወስዳ ብርሃን ላይ ይዛ ብዙ አየችው።

"ጋሼ፣ መልኬ የሚመለስልኝ አንተ ጋ ስነሳ ብቻ ነው" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባትሪ ጠፋ፣ ሽቦ ተበጠሰ እያልኩ ውሃውን አቋረጥኩባት። ምክንያቱን አልነገርኳትም።

ልጇ ሌንሴ አስተማሪ ናት፤ እናቷን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሞቹ እንዲህ የጠቆረ ሰው አየር አጥሮት ነው ብለው ልቧንና ሳንባዋን መረመሩ። ጣቷ ላይ የሚደረገው መሣሪያ አየሯ ሙሉ ነው ይላል፤ ፊቷ የለም ይላል። ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ደም፣ እንደገና ደም። የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ሲሏት የለም አለች። እውነቷን ነው፤ ለእሷ ውሃ ነበር። ስምንት ወር ተመላለሰች። በየጊዜው የሚሰጧትን ወረቀት ማን አነበበላት? እኔ። ልብሽ ደህና ነው የሚለውን ወረቀት በእጄ፣ የፊቷን ምክንያት በሆዴ ይዤ "ሐኪሞቹ ይደርሱበታል" አልኳት። እኔ፣ ባሏ አደራ ያለኝ ሰው።

በመጨረሻ በታፋዋ በኩል ቱቦ አስገብተው ልቧን ከውስጥ ሊያዩ ቀጠሯት። ጫልቱ ይህን ስትሰማ ነገሩ አለቀ አለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አስጠራችኝ፤ ኑዛዜዋን እንድጽፍላት ነው። ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ለምስክርነት ተቀምጠዋል። ሌንሴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ጫልቱ ብቻ ናት የተረጋጋችው። ጥቁሯ ላም ለሌንሴ፣ ቡሬዋ ለእህቷ ልጅ አለች፤ ጻፍኩ። ጥቁሯ ሰው ስለምትመርጥ ሌንሴ ከዛሬ ጀምራ እያለበች ትልመዳት፣ እሱንም ጻፈው አለች። አንደኛው ሽማግሌ ይህ በኑዛዜ አይገባም ብለው ሲከራከሩ "ላሟን አያውቋትም" ብላ ዝም አሰኘቻቸው። እሱንም ጻፍኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ ለለቅሶዬ የሚቆመውን ፎቶ ከአሁኑ አሳድገህ አስቀምጥልኝ። ያቺን ለጤና መድን ያነሳኸኝን፣ ያማረችዋን።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። በዕድሜዬ የሠራሁት ውሸት ሁሉ በፍሬም ተሰቅሎ በሬሳ ሳጥን ፊት ሲሄድ ታየኝ።

"ጫልቱ፣ አትሞቺም" አልኳት።

"እሱንም አንብበሃል?" አለች፤ ሳቅ እያለች።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ውሃው ነው አልኩ። ብሩን፣ ጨውን፣ ፀሐይን፣ የፎቶውን ማስተካከል፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው አላዩኝም። ሌንሴ ከግድግዳው ዞረች። ዓይኗ ደርቋል።

"አባባ" አለችኝ፣ "ሲሰጧት ያውቁ ነበር?"

ቤቱ ሁሉ እኔን ይጠብቃል። እኔም "አላውቅም ነበር" አልኩ።

በሕይወቴ አላውቅም ነበር ብዬ ስናገር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። እሱም ውሸት ነበር።

ሰኞ ዕለት የተረፈችኝን አንድ ጠርሙስ ይዤ አብሬያቸው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ የሌንሴ እኩያ ብትሆን ነው። ብናኙ ከጨጓራ እስከ ቆዳ የሚሄድበትን መንገድ ሳስረዳት ጽፋ ያዘችው፤ ደህና አድርጌ ነው ያስረዳኋት። ከጫልቱ ቆዳ ጤፍ የምታህል ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ጥቁር ነጠብጣብ ተገኘ። ቱቦው ቀረ። ጉበቷና ኩላሊቷም ደህና ሆነው ተገኙ። ቀለሙ ግን አብሯት ይኖራል፤ በውጭ አገር በሌዘር ማፍካት የቻሉ ሐኪሞች እንዳሉ፣ እስከዚያው ፀሐይ እንዳይመታት ሐኪሟ ነገረችን። ስንወጣ እኔን ወደ ኋላ አስቀረችና፣ አባባ፣ ቀድመው ቢመጡ ይቺ ሴት ስምንት ወር ሙሉ ሞቷን ባልጠበቀች ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው።

ታክሲ ውስጥ መካኒሳ ልንደርስ ስንል ጫልቱ ሳቀች። "ሰው ብር አንገቱ ላይ ያደርጋል፤ እኔ ለብሼው መጣሁ" አለች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። "ባታውቅ ነው ጋሼ። ይቅር ብያለሁ።" እድሩም ተሰብስቦ ባያውቅ ነው አለ። ሌንሴ ሳትቀር ከብዙ ወራት በኋላ መጥታ ባያውቁ ነው ብዬ ትቼዋለሁ አለችኝ። ሁሉንም ተቀበልኩ። የማይገባኝን ይቅርታ እንደ እሑዱ ወተት ጠጣሁት።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ጫልቱ በሕይወት አለች፤ ሰፊ የስንዴ አገዳ ባርኔጣ አድርጋ ወተቷን ታደርሳለች። ላሞቿ ሦስት ሆነዋል። እኔም ቁጭ አላልኩም። በፎቶ ቤቴ በር ላይ "የምትጠጡትን አምጡ፣ ሁሉንም ገጽ አነብላችኋለሁ" ብዬ በትልቁ ጽፌያለሁ። ሰዎች ስሙ የማይታወቅ ዱቄት፣ ከገበያ የተገዛ ጠርሙስ፣ የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ክፉውን ገጽ አስቀድሜ አነባለሁ። የደም ግፊት ክኒኑን ጥሎ በቅጠል ጭማቂ የተካ አንድ ጎረቤት እኔ ባነበብኩለት ወረቀት ወደ ክኒኑ ተመልሷል፤ በየቀኑ ሰላም ሲለኝ ደስ ይለኛል። ያቺ ሐኪም ለተማሪዎቿ እንድናገር ጠርታኝ ያለ ወረቀት ሙሉ ሰዓት ተናግሬያለሁ፤ አጨበጨቡልኝ። እዚያም ቆሜ "አላውቅም ነበር" አልኩ።

ብናኙን አልጠላሁትም። አንድ ቀን መድኃኒት ተሸክሞ የታመመው ቦታ ብቻ የሚያደርስበት ዘመን ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ የሚሠሩት ሰዎች ገጽ የማያጥፉ ከሆኑ። ብናኙ በሄደበት መንገድ ሁሉ የሄደው እንደ ጠባዩ ነው። ጠባዩን የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ጫልቱ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ሌንሴ ልታገባ ነው። "የሙሽራው ዘመዶች ሠርጉ ላይ ከሚደነግጡ ፎቶዬን አስቀድመው ይልመዱት" አለችኝ። "እንዳትነካካው ደግሞ። ይቺን አሁን ያለሁትን አንሳኝ።" አነሳኋት። አልነካካሁትም። አመዳማ ፊቷ ላይ ዓይኖቿ ሲስቁ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ ጥሩ ፎቶ ደግሞ አውቃለሁ። አሳድጌ ግድግዳው ላይ ልሰቅለው ቦታ እንዲለቅልኝ የድሮውን ማጉያ ማሽን ሳነሳ ገጹ ከእግሩ ሥር ወደቀ። ዘረጋሁት። ለስምንት የታጠፈበት መስመር አልጠፋም፤ ጽሑፉ ግን ሁሉም ይነበባል።

ቅዳሜ ያንን ገጽና ይህን ጽሑፍ አንድ ላይ አድርጌ ለሌንሴ እሰጣለሁ። ለእናቷ ጮክ ብላ ታነብላታለች፤ እንደ እኔ ሳትዘል። ሠርጉ ላይ ልጠራም ላልጠራም እችላለሁ። ወተቱ ሊቀር ይችላል። ቢቀር መብቷ ነው፤ ባይቀር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ የሆነ ወተት እጠጣለሁ፤ ይህን ተስፋ አደርጋለሁ፣ አልክድም።

ጫልቱ፣ ሌንሴ እዚህ ስትደርስ ቀና ብለሽ እይኝ። በር ላይ አልቆምም፤ ፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ የምለምንሽ ዛሬ ነው፤ ያኛው አይቆጠርም። እባክሽ ግን ባታውቅ ነው አትበይኝ።

አውቅ ነበር።